የካውያው ውሃ

ሲስተር ወረቀቱን የሰጠችኝ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አባዬ ከማሽኑ ተነሥቶ የጫማውን ክር ሲያስር ነው። ከላይ በደማቁ «በዓልን በጤና» ይላል። ከሥሩ ስምንት ምክሮች ተደርድረዋል። ጨው ይቀንሱ። የሚጠጡትን ይለኩ። በየጠዋቱ ይመዘኑ። ለእንግዳ ብለው እንቅልፍዎን አያጉድሉ። እንዲህ እያለ ይወርድና ስምንተኛው ላይ «ራስዎን ከሰው አይለዩ፤ አቅምዎ የፈቀደውን፣ የሚወዱትን ሥራ ይሥሩ» ብሎ ያበቃል።

ሲስተር ወደ በሩ ሳብ አደረገችኝ። በዓሉ ቅዳሜ ስለሚውል የኩላሊት እጥበት ክፍሉ ከነገ ጀምሮ ዝግ ነው፤ የዓርቡ ተራ ቀርቷል፤ ቀጣዩ ሰኞ ነው። አባዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲታጠብ ኖሮ አሁን አራት ቀን ያለ ማሽን መክረም አለበት። በቀን ግማሽ ሊትር ብቻ አለችኝ፤ ሾርባውም ሻዩም የክኒን መዋጫውም ተደምሮ። ዛሬ ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነው። ሰኞ ሲመጣ ስልሳ አንድ እንዳያልፍ።

«ቢያልፍስ?» አልኳት።

«ውሃው መሄጃ የለውም» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሳንባ ላይ ይወጣል።»

አባዬ ሰምቷታል። መርፌው የገባበትን ክንዱን እያሻሸ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ጨርቅ ስወጋ ኖሬ አሁን ተራው ደርሶኝ ጨርቁ እኔ ሆንኩ አላት። ሲስተር ሳቀች። ይህን ቀልድ በየሳምንቱ ትሰማዋለች፤ በየሳምንቱ ትስቅለታለች።

ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጻሕፍት እየመዘገብኩ የምውል ሰው ነኝ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ተማሪ እያለሁ መልሱን እያወቅሁ እጄን ሳላወጣ ነው የተመረቅሁት። መለካት ግን እችላለሁ። በየጠዋቱ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አቆማለሁ። አባዬ ሻይ ሲጠጣ የሻዩን ያህል ከጠርሙሱ እደፋለሁ። ሾርባ ሲበላ የሾርባውን ያህል እደፋለሁ። ከጠርሙሱ ውጪ በአባዬ ጉሮሮ የሚወርድ ውሃ አልነበረም፤ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር።

እማዬ በበኩሏ ሁለት ድስት ጣደች። ትልቁ ለእኛና ለእንግዳ፣ ትንሹ ጨው የሌለው ለአባዬ። ከትንሹ ስትቀምስ ፊቷን አጨማደደች። «ይሄን ለጠላቴም አልሰጠው» አለች።

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከቤታችን አሥር ደቂቃ የሚያስኬድ አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛና አንድ ከባድ ካውያ አሉት። በዓል ሲደርስ ሰው ሁሉ ልብሱን በአንድ ቀን ያስታውሳል። ሐሙስ ጠዋት አባዬ ኮቱን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። እማዬ እንዳይሄድ ለመነችው። ሰው ቃል ገብቼለት እንዴት ብዬ አለ። ያንን ጊዜ ፍሪጁ ላይ ያለውን ስምንተኛውን ምክር ያነበብኩላት እኔ ነኝ። መሥራት ያሳርፈዋል፣ ቤት ከዋለ ስለ ውሃ ሲያስብ ነው የሚውለው አልኳት። እማዬ ከወረቀት ጋር አትከራከርም። «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለችና የክንዱን ፋሻ በእጅጌው ሸፈነችለት።

አባዬ በሽታውን ደንበኞቹ እንዲያውቁበት አይፈልግም ነበር። ኩላሊት ያሉ እንደሆነ ሰው ልብሱን ይዞ ይሄዳል፤ ሰፊው ቢሞት ጨርቄ የት ይገኛል ይላል። ማሽን ያለበት ቀን ሱቁ ሲዘጋ ደንበኞቹ ሌላ ሥራ ያለው ይመስላቸዋል። በረንዳውን የሚጋራው ጫማ ሰፊ እንኳ አያውቅም ነበር። ይህን ሰው ሰፈሩ ሚስማር ይለዋል፤ ሲሠራ አፉን ሚስማር ሞልቶ ነው። አባዬ ደግሞ ሲተኩስ አፉን ውሃ ይሞላል። ሁለቱ አንዱ በሚስማር አንዱ በውሃ አፋቸውን ሞልተው እየተያዩ ሃያ ዓመት አውርተዋል።

የድሮ ልብስ ሰፊዎች እንደዚያ ነበር የሚተኩሱት። ከኩባያ አንድ ጊዜ ይጎነጫሉ፣ ጉንጫቸውን ይነፋሉ፣ ከንፈራቸውን አጥብበው ጨርቁ ላይ እፍ ይላሉ። አምና ሲስተር ውሃ ስትቀንስበት የፕላስቲክ መርጫ ገዝቼለት ነበር። አመስግኖኝ ውሃ እንደሞላሁለት ግድግዳው ላይ እንደ ፎቶ ሰቀለው። የመርጫው ውሃ እንደ ዝናብ ነው፣ ጨርቁን ያስለቅሰዋል ይላል። የአፍ ግን እንደ ጤዛ ነው። ይውጠው እንደሆነ ስጠይቀው ተቆጣ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ጨርቅ ላይ ስተፋ ኖሬ ዛሬ መትፋት ታስተምሪኛለሽ አለኝ። ስለዚህ የካውያውን ውሃ አልለካሁትም። የሥራ ዕቃ ነው፤ እንደ ክር፣ እንደ ጠመኔ።

ሐሙስ ጠዋት ሚዛኑ ሃምሳ ስምንት ነጥብ ስድስት ነበር። ዓርብ ጠዋት ስልሳ ነጥብ ሦስት ሆነ።

አባዬን አውርጄ የአምስት ኪሎ ዱቄት ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩ። አምስት አለ። አባዬን መልሼ አወጣሁት። ስልሳ ነጥብ ሦስት። እሱ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ወረደ፣ ኮቱን አንሥቶ ሄደ።

ጠርሙሱን አየሁት፤ የትናንቱ በልኩ አልቋል። ስለዚህ ጨው ነው ብዬ ወደ እማዬ ዞርኩ። ቤት ውስጥ አፌ አያንስም፤ እንዲያውም ውጪ ያልተናገርኩትን ሁሉ እሷ ላይ የምናገር ይመስለኛል።

«ትንሹ ድስት ላይ ጨው ጨምረሻል?»

እማዬ እጇን በመጎናጸፊያዋ ጠረገች። «አንድ ቁንጥጫ» አለች። «ትናንት ማታ። አልበላ ብሎኝ፣ አንጀቴን በላውና።»

«ያቺ አንድ ቁንጥጫ ናት የምትገድለው» አልኳት።

እማዬ ትንሹን ድስት አንሥታ ውስጡ ያለውን ደፋችው፤ ከዚያ ከድስቱ ጋር እንደተጣላች ሁሉ ስትፈትገው ቆየች።

ዓርብ ቀን ምሳውን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሦስት ደንበኞች ቆመው ይጠብቃሉ። ከፊት ያለው ጠበቃው ነው፤ ፍርድ ቤት የሚለብሰውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለአባዬ መስጠት ከጀመረ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሱሪው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። አባዬ ኩባያውን አንሥቶ ተጎነጨ፤ ጉንጩ ተነፋ። ጨርቁ ላይ ጎንበስ አለ። ልክ እፍ ከማለቱ በፊት ማንቁርቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ።

ጨርቁ ላይ ያረፈው ከአንድ ማንኪያ አይበልጥም።

ካውያውን አስኬደና እንደገና ተጎነጨ። እንደገና ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ። ጉንጩ ሙሉ ሆኖ ቀና ሲል አየኝ። እኔም አየሁት። ጠበቃው ወደ ሌሎቹ ዞሮ፣ እንደ እሳቸው የሚተኩስ ሰው በዚህ ከተማ የለም፣ የዛሬ ልጆች በእንፋሎት ያቃጥሉታል እያለ ነበር። አባዬ አፉ ውስጥ የቀረውን ይዞ ቆሟል። ዓይኑ ውስጥ ያለው ቁጣ አልነበረም። ልጅ ሆኜ የሰው ቤት ጣፋጭ አንሥቼ ሲይዘኝ እኔ እሱን ያየሁበት ዓይን ነው።

የሚባለው ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «አባዬ፣ ትፋው።» ሦስት ሰው ፊት፣ አባቴን፣ በሥራ ቦታው፣ እንደ ሕፃን። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ እንዳልል፣ ይህን ቃል ሰው ለትንሽ ነገር ይጠቀምበታል፤ ትርፍ ጉርሻ ላለመመለስ፣ የማይፈልጉት ወንበር ላይ ለመቀመጥ። እኔ ምሳውን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። መርጫውን ከግድግዳው አውርጄ ከኩባያው አጠገብ አኖርኩለት። አባዬ ዋጠና «ተባረኪ ልጄ» አለኝ።

በረንዳው ላይ ሚስማር ከአፉ ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው።

«ጋሼ ዛሬ ካውያው በርትቶበታል» አለኝ። «ቧንቧው ድረስ መመላለስ እግሩ እንቢ ብሎት፣ ኩባያውን እኔ ነኝ የምሞላለት። ይሄ አራተኛው ይመስለኛል። ትናንትም እንዲሁ ነበር።»

ሚስማር ምንም አያውቅም። ብነግረው ኩባያውን ወስዶ የሚወረውር ሰው ነው። ግን አባዬ ሃያ ዓመት አብሮት ኖሮ ያልነገረውን እኔ እንዴት ልንገረው? «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬው ሄድኩ። መንገድ ላይ ቆሜ አራት ኩባያ ስንት ሊትር እንደሚሆን በልቤ አሰላሁ፤ ከዚያ ጨርቁ ላይ የዋለውን ለመቀነስ ሞከርኩ። እየቀነስኩ ቤት ደረስኩ።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሱቁን ሲዘጋ ልወስደው ተመለስኩ። እጁን ክንዴ ላይ አድርጎ በዝግታ ሄድን። በየሱቁ በር ላይ ሰው ይጋፋል። ሁለቴ ቆሞ አረፈ፤ ሁለቴም በሱቅ መስኮት የተሰቀለ ልብስ የሚያይ መሰለ።

«በሰው ፊት ስላላዋረድሽኝ ደስ ብሎኛል» አለኝ ሁለተኛው መስኮት ላይ።

«አባዬ፣ ትውጠዋለህ።»

«አንዳንዴ ያመልጠኛል።»

«ስንት?»

«ልጄ፣ አፌ ውስጥ ምራቅ እንኳ የለም። ሌሊት ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። ውሃ አፍሽ ውስጥ ገብቶ መልሰሽ ስትተፊው…» አልጨረሰውም። ቀጥሎ፣ ዛሬ የመጨረሻው ነው፣ ነገ በዓል ነው፣ ሱቁም ዝግ ነው አለ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ትደነግጣለች። ዝም አይነቅዝም።»

እሺ አልኩት። እማዬ በዚያች ቁንጥጫ ጨው ምክንያት ቀኑን ሙሉ ዓይኗ ቀልቶ እንደዋለ አውቅ ነበር። እሺ አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ስልሳ አንድ ነጥብ አራት። ሲስተር እንዳያልፍ ያለችው መስመር አልፏል። ወደ ሆስፒታሉ ስደውል ስልኩ ተነሣ፤ ያነሣው ሰው ክፍሉ ሰኞ እንደሚከፈት ነገረኝ፣ የሚያስቸግረው ነገር ካለ ድንገተኛ ክፍል አምጪው አለ። አባዬን ዛሬ እንሂድ አልኩት። እሱ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማው ውስጥ የማይገባ እግሩን ያይ ነበር። ቁርጭምጭሚቱን በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ አልሞላ አለ።

«በበዓል ቀን፣ እንግዳ እየመጣ?» አለ። «ደኅና ነኝ። ዛሬ ጠርሙሱንም አልነካውም።»

እውነቱን ነው፤ አልነካውም። ያን ቀን ሁለት ጉንጭ ነው የጠጣው፤ እሱም ለክኒኑ። በነጠላ ጫማ ሳሎን ተቀምጦ እንግዶቹን ተቀበለ። ከስተሃል ያሉት ነበሩ፤ አምሮብሃል፣ ፊትህ ሞልቷል ያሉት ግን ይበዙ ነበር። ፊቱ እውነትም ሞልቶ ነበር። አክስቴ አንድ ብርጭቆ ይዛ መጥታ ይህቺን ብቻ ስትለው በፈገግታ ተቀበላት፣ ከንፈሩን አስነካና አስቀመጠው። ዘመድ ሁሉ ሲስቅ እሱም ይስቅ ነበር፤ ሲስቅ ግን ሳቁ መሃል ላይ እያለቀበት ቀሪውን በእጁ ይጨርሰዋል። እማዬ ሳህን እያመላለሰች በየመሃሉ እኔን ታየኛለች። ምን አደረግሁት የሚል አስተያየት ነው። እኔ ብርጭቆ አጥብ ነበር።

በዚያ ቤት ውስጥ አሥራ አራት ሰው ነበር፤ ከአባዬና ከእኔ በቀር ውሃው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሲተኛ የሚሰጥም እየመሰለው እንደዚያ አድሯል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ስንት ኪሎ እንደሆነ አላየሁም፤ ሚዛኑ ላይ መቆም አልቻለም። ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይፈላ ነበር። ታክሲ ውስጥ እማዬ ከኋላ አቅፋው ተቀመጠች፤ መስኮቱን ክፈቱልኝ አለ፣ ተከፍቶ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘነው ወጣት ሐኪም ነው። ኦክስጅን አደረገለት፣ የማሽኑን ባለሙያ ከበዓል ይጠሩት ብሎ አዘዘ። ባለሙያው ለበዓሉ ወላጆቹ ጋ ሄዶ ኖሮ ለመድረስ የስድስት ሰዓት መንገድ አለበት አሉ። ሐኪሙ ብዕሩን አዘጋጅቶ ወደ እኛ ዞረ። በእነዚህ ቀናት ምን ያህል ፈሳሽ ወሰደ? አለ።

እኔ አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ።

«ጨው ነው ዶክተር» አለች። «እኔ ነኝ። ጨው አብልቼው ነው።»

ሐኪሙ ጻፈ። አባዬ ጭምብሉ ውስጥ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም ማለቱ ይሁን ተዉኝ ማለቱ አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ አየ። ያ የዓርቡ ዓይን ነው። ይህን ጊዜ ብናገር ሕክምናው የሚለወጥ ነገር አልነበረውም፤ በኋላ ሐኪሙን ጠይቄው አረጋግጫለሁ። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማጽናናት አይደለም። እማዬ ላይ ግን ይለወጥ ነበር።

አባዬ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ዐረፈ። ባለሙያው ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል የጉዞ ቦርሳውን እንደያዘ እየሮጠ ደረሰ። ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ተራ የእኛ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሚስማር የሱቁን ቁልፍ አመጣልኝ። ጠበቃው ዓርብ ከበዓል በኋላ እወስደዋለሁ ብሎ የተወውን ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ሱሪው መስቀያው ላይ ነበር፤ መስመሩ ወረቀት ይቆርጣል። ኩባያው ጠረጴዛው ላይ ደርቋል። መርጫው እኔ ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሚስማር በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ጋሼ ያን ቀን ከኩባያው ሲውጥ አይቼዋለሁ፣ ውሃውን የቀዳሁለት እኔ ነኝ፣ ቢያንስ ጥሙን ቆርጦ ነው የሄደው አለኝ። ለመጽናኛ ነው ያለው። ለእሱም አልነገርኩትም።

እማዬ ከዚያ እሑድ በኋላ ጨው አልቀመሰችም። በመጀመሪያ ሐዘን ነው ብዬ ተውኳት። ወር አለፈ። የምትሠራው ሁሉ አልጫ ነው፤ ለእኔ በጎን ጨው ታቀርብልኛለች፣ የራሷን ሳህን ግን እንደዚያው ትበላለች፣ ፊቷን ሳታጨማድድ። ከሳች። ጎረቤት ሲጠይቃት ጨው አልተስማማኝም ትላለች። አንድ ቀን አክስቴን በስልክ እንዲህ ስትላት ሰማኋት፦ «ልጄ ነግራኝ ነበር። አንድ ቁንጥጫ ናት የምትገድለው ብላኝ ነበር፤ እሷማ አውቃ ነበር።»

ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ እንደተለጠፈ ነው። በሁለተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ምሳ ልንበላ ስንል እማዬ ነቅላ ይዛው መጣች።

«አንብቢልኝ» አለች። «ሌላም ያጠፋሁት ካለ ልወቀው።»

አነበብኩላት። ጨው ይቀንሱ የሚለው ላይ ስደርስ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳርፋ «እዚህ ላይ ነው» አለች። ጣቷ ቀጥኗል፤ ቀለበቱ እስከ መገጣጠሚያው ይንሸራተታል። ሁለተኛው ላይ፣ የሚጠጡትን ይለኩ የሚለው ላይ፣ ማንበቤን ተውኩ።

«እማዬ፣ ጨው አይደለም።»

ጣቷን ከወረቀቱ ላይ አነሣች።

«ውሃ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲተኩስ በአፉ የሚይዘውን ይውጠው ነበር። ሐሙስም ዓርብም።»

«ማን አለሽ?»

«አየሁት። ዓርብ ቀን፣ ምሳ ይዤለት ስሄድ።»

«እያየሽው?»

«እያየሁት።»

«ምን አልሽው?»

«ምንም» አልኳት። «ሰው ነበር።»

«ሰው ነበር» አለች እማዬ፣ ቃሉን እንደማታውቀው ሁሉ። ወረቀቱን አጥፋ ከሳህኑ ሥር አደረገችው። ከዚያ ተነሥታ የጨውን ዕቃ ከመደርደሪያው አወረደች፣ በእጇ ዘግና ድስቱ ውስጥ ጨመረች፣ አማሰለች። ሁለት ሳህን ቀዳች። ተቀምጣ ወደ እኔ ሳታይ መብላት ጀመረች፤ ፊቷን አላጨማደደችም፤ እንባዋ ሲወርድም አልጠረገችውም። እኔም በላሁ።

ጨው በዝቶበት ነበር። ሁለታችንም አልተናገርንም።